የአራሷን ጀሪካን ማን ይሸከም?

ለወለደች ሴት ምክር የሚሰጥ አይጠፋም። «በደንብ ብዪ፣ ሕፃኑ ሲተኛ አብረሽ ተኚ፣ አትጨነቂ፣ ራስሽን ጠብቂ» ይባላል። ምክሩ ትክክል ነው። አዋላጅ ነኝና እኔም ዘወትር እናገረዋለሁ። ነገር ግን በድሬዳዋ ገጠር፣ በዋሂል አካባቢ፣ በሠራሁባቸው ዓመታት አንድ ነገር ተረድቻለሁ፤ ምክሩን የምንሰጠው ብቻዋን ልትፈጽመው ለማትችል ሴት ነው። ደም ፈስሷት፣ ሌሊቱን ስታጠባ አድራ፣ ወገቧ ገና ያልጠና ሴት እንጨቱን ራሷ ለቅማ፣ ውሃውን ራሷ ቀድታ፣ ትልልቆቹን ልጆች ራሷ አብልታ እንዴት አድርጋ ነው የምታርፈው? አራስ የምታርፈው ሌላ ሰው ሲሠራላት ነው። ስለዚህ «ራስሽን ጠብቂ» የሚለው ቃል በመጀመሪያ ለባሏ፣ ለቤተ ዘመዷ፣ ለጎረቤቷ፣ ለጤና ባለሙያዋና ለአስተዳደሩ «ጠብቋት» ተብሎ መነገር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ዋሂል ከቢዮ አዋሌ፣ ከጀልዴሳና ከአሰሊሶ ጋር በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ካሉት የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው። አገሩ ቆላ ነው። ሕዝቡ በአብዛኛው ኦሮሞና ሶማሌ፣ ኑሮው ማሽላና ከብት፣ ችግሩ ከሁሉ በፊት ውሃ ነው። እዚያ ሴት ስትወልድ ኡልማ ገባች ይባላል። 40 ቀን ያህል ከቤት አትርቅም፣ ከባድ ሥራ አትነካም። የጎረቤት ሴቶች ሳይጠሩ ይመጣሉ። አንዷ ዱቄትና ቅቤ ይዛ መጥታ መርቃውን (ገንፎውን) ትገነፋለች። ሌላዋ ሁልበቱን (አብሹን) ታዘጋጃለች። አንዷ እንጨት ታራግፋለች፤ አንዷ የአራሷን ጀሪካን ከራሷ ጀሪካን ጋር አህያ ላይ ጭና ትመለሳለች። ትልልቆቹን ልጆች ወስዳ ከልጆቿ ጋር የምታሳድርም አለች። አራሷም ብቻዋን አትተውም፤ አንዲት ሴት ሁልጊዜ አጠገቧ ትኖራለች።

የሶማሌው ቤተሰብም 40 ቀኑን ያከብራል። ከተማ ውስጥ ያለው ክርስቲያን ቤተሰብ ደግሞ ወንድ ልጅ 40፣ ሴት ልጅ 80 ቀን ሞልቷቸው ክርስትና እስኪነሡ ድረስ እናቲቱን በገንፎና በአጥሚት ይቀልባታል። ቋንቋውና ሃይማኖቱ ይለያይ እንጂ የሚደረገው ነገር አንድ ነው፤ የወለደች ሴት ትመገባለች፣ ትተኛለች፣ ሰው አያጣትም። ሆላንድ ውስጥ የሠለጠነች ረዳት ከወሊድ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል በየቤቱ ትላካለች። እናቲቱንና ሕፃኑን ትከታተላለች፣ ጡት ማጥባቱን ታግዛለች፣ ቤቱንም ታስተካክላለች፤ ወጪው በአብዛኛው በጤና መድን ይሸፈናል። ሀብታም አገር ባለሙያ ቀጥሮና ገንዘብ መድቦ የሚያደርገውን የዋሂል ሴቶች ያለ ደመወዝ ሲያደርጉት ኖረዋል። ይህን ሥራቸውን እንደ ኋላ ቀር ልማድ የሚያይ ባለሙያ ሲገጥመኝ በጣም አዝናለሁ።

እኔም የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት እዚያ ስሠራ ሳለሁ ነው። እናቴ ከሩቅ እስክትደርስ ድረስ የጎረቤት ሴቶች ቤቴን ይዘውት ቆዩ። «አንቺ የእኛን ልጆች ስትቀበዪ ከርመሻል፤ አሁን ተራው የእኛ ነው» አሉኝ። አልጋ ላይ ሆኜ ወጥ ምን ሆነ፣ ውሃ አለ ወይ ብዬ መጠየቅ እንኳ አልነበረብኝም። ጡቴ ባጋተ ጊዜ ሙቅ ጨርቅ የያዘልኝ፣ ልጁ አልይዝ ሲለኝ አጠገቤ ተቀምጦ አመቻችቶ ያስያዘኝ ሰው ነበረ። ሙያዬ ነው፤ ለስንት ሴት አስተምሬዋለሁ። ነገር ግን በራስ ላይ ሲደርስ የሚያስፈልገው እውቀት ብቻ አይደለም፤ የሰው እጅ ነው።

ሁለተኛዋን የወለድኩት ከተማ ነው፣ በኪራይ ቤት። ግቢው ውስጥ ያሉት ሰዎች ደጎች ናቸው። ነገር ግን ጠዋት ሁሉም ወደየሥራው ይወጣል፣ የብረቱ በር ይዘጋል፤ ባለቤቴም ሥራ ይገባል። ከቀትር እስከ ምሽት ያለው ሙቀት፣ የሚቆራረጠው ውሃ፣ የትልቁ ልጄ ጥያቄ፣ የትንሿ ልቅሶ፣ ሁሉም በእኔ ላይ ነበር። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ያለ ምክንያት አለቅስ ጀመርኩ። ልጅቷ ተኝታ እንኳ እንቅልፍ አይወስደኝም። የሚጠይቁኝ ሰዎች «ክብደቷ ስንት ሆነ? ትጠባለች? ማንን ትመስላለች?» ብለው ይሄዳሉ። ታላቅ እህቴ መጥታ ሳታየኝ በፊት ስለ እኔ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እሷ አብራኝ ተቀመጠች፣ ሌሊት ልጅቷን ተቀብላ አስተኛችኝ፣ ሐኪም ዘንድም ይዛኝ ሄደች። ዳንኩ። አዋላጅ የሆነች ሴት፣ ምክሩን ሁሉ በቃሏ የያዘች፣ ሰው ሲጎድልባት እንዲህ ከሆነች፣ የመጀመሪያዋን ልጅ የወለደች የ18 ዓመት ልጅ ምን ልትሆን እንደምትችል አስቡት።

ከወለዱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ሆድ መባባትና ዕንባ መቅረብ የብዙ ሴት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ከዚያ አልፎ የሚቆየው ግን ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከወለዱ ሴቶች 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማቸዋል፤ ዋናውም ድባቴ ነው። በታዳጊ አገሮች ቁጥሩ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል፤ ከ5 ወላዶች አንዷ ማለት ነው። በቡታጅራ አካባቢ በእናቶች ላይ የተደረገ ጥናትም ጭንቀቱ ከእርግዝና ጀምሮ ከወሊድ በኋላም የቀጠለባቸው እናቶች ልጆች በተቅማጥ ይበልጥ እንደሚጠቁ አሳይቷል። የእናቲቱ ልብ ሲደክም ልጁም አብሮ ይጎዳል።

በእኛ አካባቢ ሴት ይህንን በሕመም ስም አትጠራውም። «ልቤ ደከመ»፣ «ጨነቀኝ»፣ «ቤቱ ጠበበኝ»፣ «ልጁን ሳየው ምንም አይሰማኝም» ትላለች። ቤተሰቡ አንዳንዴ ጅኒ ነው ይላል፣ አንዳንዴ የሰው ዓይን ነው ይላል፣ አንዳንዴም «ምን ጎደለሽ?» ብሎ ይቆጣል። ጸሎቱንና ዱዓውን ማንም አይከለክልም፤ ያጽናናል። ነገር ግን ሕመሙ ሕክምና አለው። ማነጋገር ይረዳል፣ ማገዝ ይረዳል፤ በሐኪም ክትትል ጡት እያጠቡ የሚወሰድ መድኃኒትም አለ። ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ የመጣባት፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የምትሰማ፣ ነገር የተምታታባት አራስ ግን ነገን መጠበቅ የለባትም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ልትወሰድ ይገባል፤ ለብቻዋም አትተው።

ኡልማን ሳመሰግን ጉድለቱን አልሸፍንም። አንደኛው ጉድለት፣ እረፍቱ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ቤተሰብ ያላት፣ ብዙ ጎረቤት ያወቃት ሴት 40 ቀኗን ታርፋለች። ከሌላ ቀበሌ ተድራ የመጣች ልጅ፣ ባሏ ሥራ ፍለጋ የራቀባት፣ እናቷ የሞተችባት ግን ከሳምንት በኋላ ጀሪካኑን ታነሳለች። በበጋ ደግሞ ውሃው ሲርቅ የጎረቤቶቿም ጉልበት ያልቃል፤ ለራሳቸው ቤት ቀድተው ሲመለሱ ቀኑ መሽቷል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ 20 ኪሎ ይመዝናል። ገና ያልጠነከረ ሰውነት ይህን ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ማህፀን ሊወርድ ይችላል። ማህፀናቸው ወርዶ ዓመታት ያሳለፉ፣ ለባላቸውም ለእናታቸውም ያልተናገሩ፣ ሲቀመጡ የሚያማቸው፣ ሲራመዱ የሚጎተትባቸው ሴቶች አይቻለሁ። ስጠይቃቸው አብዛኞቹ የሚያስታውሱት ከወሊድ በኋላ ቶሎ የጀመሩትን ሸክም ነው።

ሁለተኛው ጉድለት፣ የመርቃው ደስታ ልጁ በሕይወት ሲኖር ነው። ልጇ ሞቶ የተወለደባት፣ ወይም በቀናት ውስጥ የሞተባት ሴት ለጥቂት ቀን ይለቀስላታል፣ ከዚያ «አላህ ይተካል» ተብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ሰውነቷ ግን ወልዷል። ደም ይፈሳታል። ጡቷ ያጋታል፤ የሚጠባው የለም። ልቧ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። እሷም አራስ ናት። ከሌላዋ እናት የበለጠ እንጂ ያነሰ እረፍት አያስፈልጋትም። ይህ እስካሁን ከልማዳችን ውስጥ የጎደለ ነገር ነውና የሃይማኖት አባቶችና የሰፈር ሽማግሌዎች እንዲናገሩበት እለምናለሁ።

ሦስተኛው ጉድለት የሕክምናው ነው። እናቶች የሚሞቱበት ጊዜ በአብዛኛው ምጥ ላይና ከወሊድ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት ውስጥ ነው፤ ዋናው ገዳይ የደም መፍሰስ ነው። ቤት ተዘግቶ፣ ጢስ እየተጨሰ፣ እናቲቱ ተሸፋፍና በተኛችበት ጊዜ ደሙ ከመጠን ሲያልፍ የሚያይ ላይኖር ይችላል። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ዓይን የሚያጨልም ራስ ምታት፣ መንቀጥቀጥ፣ የአንድ እግር ማበጥና ማመም፣ የጡት መቅላት ከትኩሳት ጋር፣ እነዚህ ሁሉ «አራስ ናት፣ ይለቃታል» የሚባሉ አይደሉም። እንገሩን አፍስሶ ለሕፃኑ ቅቤ ማላስ ወይም ስኳር በውሃ መስጠትም መቅረት ያለበት ነው፤ እንገሩ የልጁ የመጀመሪያ መከላከያ ነውና። የተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚጨስ ጢስም ለሕፃን ሳንባ አይበጅም። ልማዱ እነዚህን ትቶ ገንፎውን፣ እገዛውንና ሰው አለመለየቱን ቢይዝ ምንም አይጎድልበትም።

የጤና ሥርዓታችንስ? የዓለም ጤና ድርጅት እናት ከወለደች በኋላ ቢያንስ አራት ጊዜ እንድትታይ ይመክራል፤ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መካከል፣ በሁለተኛው ሳምንት ውስጥና በስድስተኛው ሳምንት። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚደረገው ወሊድ 26 በመቶ፣ በሁለት ቀን ውስጥ የታዩ እናቶች ደግሞ 17 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። በ2011ዱ አነስተኛ ጥናት የተቋም ወሊዱ 48 በመቶ ደርሶ፣ በሁለት ቀን ውስጥ የታዩት ወደ 34 በመቶ ከፍ ብለዋል። ለውጡ ትልቅ ነው፤ ብዙ ባልደረቦቼ እንቅልፍ አጥተው ያመጡት ነው። ግን ቁጥሩ ሌላም ይናገራል። ሴቶቻችንን «ኑና ውለዱ» ብለን አሳምነናል፤ ከወለዱ በኋላ ያለውን ጊዜ ግን ገና አልያዝነውም። ሕፃኑ ለክትባት ሲመጣ ይመዘናል፣ ካርዱ ይሞላል፤ የያዘችው እናት ግን ቆማ ትጠብቅና ሳትጠየቅ ትሄዳለች።

ይህንን ለመለወጥ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞቹን ከየቤቱ አድርሷቸዋል። አራስን ሲጠይቁ ሁለት ጥያቄ ይጨምሩ፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሆድ ብሶሽ፣ ተስፋ ቆርጠሽ ሰንብተሻል? ደስ ይልሽ የነበረው ነገር ደስ አልልሽ ብሏል? ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካለች ተቀምጠው ያነጋግሯት፣ ወደ ጤና ጣቢያም ይላኳት። በቅድመ ወሊድ ክትትል ጊዜም ለምጥ ማጓጓዣ እንደምናስብ ሁሉ «ስትወልጂ ውሃ የሚቀዳልሽ ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ካጣች ችግሩን ቀድመን አወቅን ማለት ነው፤ ጎረቤት ለማሰባሰብም ጊዜ አለን።

ሕጋችን ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ሰጥቷታል። ለአባት የሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። በድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ጉሊት ለምትቸረችር፣ ጫት ለምትሸጥ፣ በየሰው ቤት ልብስ ለምታጥብ ሴት ግን ይህ አዋጅ አይደርስላትም፤ ያልሠራችበት ቀን ያልበላችበት ቀን ነው። ለገጠሯ እናት ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ጥሩ ሕግ አለ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውና በድሬዳዋ ገጠርም የሚሠራው የሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ ነፍሰ ጡሮችና አጥቢ እናቶች ከማኅበረሰብ ሥራ ወጥተው ድጋፉን ሳይሠሩ እንዲያገኙ ያዛል፤ ቢያንስ ልጁ 1 ዓመት እስኪሞላው። ድንጋይ መሸከም፣ እርከን መሥራት፣ አፈር መቆፈር ለአራስ አይፈቀድም ማለት ነው። ይህን የማታውቅ እናት ሕፃኗን ዛፍ ጥላ ሥር አስተኝታ ሥራ ላይ መገኘት የለባትም። የቀበሌ አመራሮች በየስብሰባው ይንገሯት። ከፕሮግራሙ ውጭ ላሉት፣ ለከተማዋ ጉሊት ቸርቻሪም፣ አስተዳደሩ ይህንኑ መንፈስ የያዘ መፍትሔ ይፈልግ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሃ ወደ ሰው ይቅረብ። ዋሂል ውስጥ ለአራስ ከሚሠራው ሕክምና አንዱ የውሃ ቦኖ ነው።

አሁን ወደ ወንድሞቼ ልምጣ። ድሬ ወንዶቿ ደግና ተጫዋች ናቸው፤ ለእንግዳ ያላቸውን ያካፍላሉ። ቤት ውስጥ ለወለደችው ሚስታቸው ግን ብዙ ጊዜ እጃቸው አይደርስም፤ ፍቅር ጎድሏቸው ሳይሆን «የሴት ሥራ ነው» ተብለው ስላደጉ ነው። ውሃ በጋሪ ጭኖ መሸጥ የወንድ ሥራ ከሆነ፣ ለሚስት ውሃ ማምጣት ለምን ነውር ይሆናል? አህያዋን መንዳት የሚችል ሰው ጀሪካኑን መሙላትም ይችላል። ከቀትር በኋላ በጫት በርጫ ላይ ከምታሳልፉት ሰዓት አንዱን ብቻ ለአራሷ ስጧት፤ ልጁን ይዛችሁ እሷ ትተኛ። አንድ ሰዓት ያልተቋረጠ እንቅልፍ ለአራስ ትልቅ መድኃኒት ነው። ሌሊት ልጁን ከጡቷ ተቀብሎ ማስገሳትና ማስተኛትም ወተት የማይጠይቅ ሥራ ነው። በዋሂል ይህን የሚያደርጉ አባቶች አውቃለሁ። ጓደኞቻቸው መጀመሪያ ይገረማሉ፤ ልጁ ሲፋፋ፣ ሚስቲቱ ስትጠነክር ሲያዩ ግን ዝም ይላሉ።

ለአንቺ ለወለድሽው እህቴም የምለው አለኝ። የምታጠቢ ከሆነ ከወትሮው ሁለት ጊዜ ጨምረሽ ብዪ፤ ባልና ልጅ እስኪጠግቡ አትጠብቂ። ውሃ በአጠገብሽ ይኑር። የተሰጠሽን የደም ማነስ መከላከያ እንክብል አታቋርጪ። ልጁ እስከ 6 ወር ከጡት ሌላ ምንም አያስፈልገውም፤ ስለዚህ «ወተትሽ አይበቃውም» የሚልሽን ሁሉ አትስሚ፤ የጠረጠርሽ እንደሆነ አስመዝኚው። ለሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 2 ዓመት ይቆይልሽ፤ ዘዴውን ከባለሙያ ተመካከሪ። እርዳታ ስትጠይቂ ደግሞ አትፈሪ። እናትሽም አያትሽም ልጆቻቸውን ያሳደጉት በብዙ ሰው እጅ ነው፤ አንቺ ብቻሽን እንድትችዪው የሚጠብቅ ሰው ካለ ጥፋቱ የእሱ ነው።

ልጅ የምትጠብቁ ቤተሰቦች ሁሉ፣ ምጡ ሳይመጣ ዛሬ ማታ ተቀመጡና ሦስት ነገር ወስኑ። በእነዚያ 40 ቀናት ውሃ የሚያመጣው ማን ነው? ትልልቆቹን ልጆች የሚይዘው ማን ነው? አራሷን በየቀኑ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብሎ የሚጠይቃትና መልሷን እስከ መጨረሻው የሚሰማት ማን ነው? ለሦስቱም የሰው ስም ጥሩ፤ ከስሞቹ አንዱ የአባትየው ይሁን። ስም ያልተገኘለት ሥራ ሁሉ በአራሷ ትከሻ ላይ ይወድቃልና።